ሃምሳውን ሎሚ የተሸከመችው ማን ናት?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ስለ ማህበራዊ አገልግሎት የሚያወራ ስብሰባ የገባ ሰው ይህን ተረት ሳይሰማ አይወጣም። እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ሁለቴም ራሴ ተርቼዋለሁ። አሁን አሁን ግን ስሰማው አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሎሚው እውነት ለሃምሳ ሰው ተከፋፍሏል? ወይስ አርባ ዘጠኙ ቆመው «ጎበዝ» ሲሉ አንዷ ብቻዋን ተሸክማዋለች?

ከማውቀው ልጀምር። አያቴ ስትሮክ መትቷት አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ኖራለች። ያስታመመቻት አክስቴ ናት። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ከተኛ ቆዳው ይቆስላል። ስለዚህ በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መቀየር ያስፈልጋል። ቀን ብቻ አይደለም፣ ሌሊትም ጭምር። አክስቴ የደወል ሰዓት ትሞላ ነበር። ከሌሊቱ አራት ሰዓት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር። ትነሳለች፣ አያቴን ታዞራለች፣ በጉልበቶቿ መሀል ትራስ ታስገባለች፣ ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከፍ ታደርገዋለች። ከዚያ ለቀጣዩ ደወል ትተኛለች።

ጎረቤት ይመጣል። ዘመድ ይመጣል። «አይዞሽ በርቺ»፣ «ምርቃቷን አንቺ ወሰድሽው»፣ «እንዳንቺ ያለ ልጅ ይስጠን»። ከልባቸው ነው የሚሉት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን «ዛሬ እዚህ የማድረው እኔ ነኝ፣ አንቺ ሂጂና ተኚ» ያላትን ሰው ለመቁጠር አንድ ጣት ይበቃል።

አንድ ቀን አንዲት ነርስ ለሌላ ጉዳይ ብቅ አለችና አክስቴ አያቴን በብብቷ ይዛ ስታነሳት አየች። «እንዲህ እያደረግሽ ወገብሽን ልትጨርሺው ነው» አለቻት። አንድ አንሶላ አጥፋ ከአያቴ ሥር ዘረጋች። ከወዲያ በኩል ያለውን ጫፍ ጨብጣ ወደ ራሷ ሳበችው። አያቴ ሳታቃስት ዞረች። በቃ፣ ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ የፈጀ ትምህርት። አክስቴ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ስምንት ወር ሙሉ በወገቧ ስታነሳት ነበር።

በስህተት እንዳትረዱኝ፣ እኔ ከማህበረሰብ አቀፍ አገልግሎት፣ ማለትም ሰው ከቤቱና ከሰፈሩ ሳይወጣ ከሚታገዝበት አሠራር ጎን ነኝ። አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችን፣ የአእምሮ ሕሙማንን፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ትልቅ ግቢ ውስጥ ሰብስቦ በር መዝጋት ምን እንዳመጣ ዓለም አይቶታል። በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 19 ላይ ከማህበረሰቡ መካከል የመኖር መብትን አስፍሯል። ክርክሬ ሌላ ነው። «ማህበረሰብ አቀፍ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ነፃ» ማለት ሆኗል። የበጀት ሰንጠረዥ ላይ ለሕንፃ፣ ለመኪና፣ ለሥልጠና አዳራሽ ቁጥር ይጻፋል። «የማህበረሰቡ ተሳትፎ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ባዶ ነው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ የተቀመጠችው አክስቴ ናት።

የተሳካላቸው ቦታዎች ባዶ አልተዉትም። ቤልጂየም ውስጥ ሄል የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን እንግዶች ቤታቸው ተቀብለው ያኖራሉ። በ1930ዎቹ መጨረሻ አካባቢ በየቤቱ የሚኖሩት ከ3,500 በላይ ደርሰው ነበር። ዛሬ ቁጥሩ በጣም ቀንሷል፤ ልማዱ ግን አልጠፋም። ስለ ሄል የሚጻፈው ሁሉ ስለ ደግነቷ ነው። እውነት ነው፣ ደጎች ናቸው። ግን ቤተሰቡ አነስተኛም ቢሆን ክፍያ ያገኛል። ከጀርባው ሆስፒታል አለ። ባለሙያ ቤት ድረስ ይመጣል፣ እንግዳው ሲብስበት ወዴት እንደሚወሰድ ይታወቃል። ደግነቱ ዘመናትን የተሻገረው ብቻውን ስላልተተወ ነው።

ዚምባብዌም አለች። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚ የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ሳትመጣ ቀርታ ራሷን ስላጠፋች፣ ሆስፒታል ተቀምጦ ሰው መጠበቅ እንደማያዋጣ ገባው። በ2006 በሐራሬ 14 አያቶችን ይዞ ጀመረ። ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር አኖረ። አያቶቹ ሰልጥነው ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አንድ በአንድ ያስዘረዝራሉ፤ ከመካከሉ አንዱን ያስመርጡና እሱ ላይ ይሠራሉ። ሐኪሙ መጀመሪያ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ብሎት ነበር። አያቶቹ «እዚህ ላይ ማንም አይቀመጥልህም» አሉት፤ «የወዳጅነት ወንበር» ተባለ። ድብርት የሚለውን የሐኪም ቃልም ትተው «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ፣ በአገሩ ቋንቋ በሾና «ሐሳብ ማብዛት» ማለት ነው። በ2016 የታተመ፣ 573 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ከስድስት ወር በኋላ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ከሌሎቹ በግልጽ እንደተሻላቸው አሳየ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች «አየህ፣ አያቶች ይበቃሉ!» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ደግሞ ሌላውን ነው የማየው። አያቶቹ ከመንገድ ተጠርተው አልመጡም። ቀድሞም በጤና ሥራ ላይ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ሥልጠና ወስደዋል፣ የሚከተሉት መመሪያ አላቸው፣ ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን የሚልኩበት ባለሙያ አለ። ይህ ሁሉ ሲነሳ የሚቀረው ወንበሩ ብቻ ነው።

በሕንድ ኬረላ ግዛትም የማስታገሻ ሕክምና (የጠና ሕመም ያለበትን ሰው ሥቃይ የሚያቀልል እንክብካቤ) በ1993 ኮዚኮድ ላይ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ተጀምሮ በየሰፈሩ በበጎ ፈቃደኞች ተስፋፋ። ግዛቲቱ በ2008 ፖሊሲ አወጣችለት፤ የአካባቢ አስተዳደሮች ቤት ለቤት የምትሄደዋን ነርስ በጀታቸው ውስጥ አስገቧት። ሰፈሩ ቀድሞ መጣ፤ መንግሥት ተከተለ እንጂ «ሰፈሩ ይዞታል» ብሎ እጁን አልሰበሰበም።

እጅ ሲሰበሰብ ምን እንደሚሆንም ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ በ1955 በመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች የተኙ ሰዎች 558,000 ያህል ነበሩ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሰዎቹ ወደየማህበረሰባቸው እንዲመለሱ፣ በየአካባቢውም የአእምሮ ጤና ማዕከል እንዲገነባ የሚያደርግ ሕግ ፈረሙ። ሐሳቡ ያማረ ነበር። ሆስፒታሎቹ ባዶ ሆኑ፤ ከታሰቡት ማዕከላት ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው የተሠሩት። ብዙ ሰው የወጣው ወደ ጎዳና ነው፣ ከዚያም ወደ እስር ቤት። ወደ ቤታቸው የተመለሱትንስ ማን ያዛቸው? እናቶችና እህቶች።

የዓለም የሥራ ድርጅት በ2018 ባወጣው ሪፖርት መረጃ በተገኘባቸው 64 አገሮች በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ያለክፍያ እንክብካቤና የቤት ሥራ ላይ ይውላል። ከዚህ ውስጥ 76.2 በመቶውን የሚሸፍኑት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ «ማህበረሰቡ ይንከባከባል» ሲባል፣ በአብዛኛው «ሴቶች ይንከባከባሉ» ማለት ነው። እንደዚያ ብሎ መጻፍ ስለሚያሳፍር ይመስለኛል «ማህበረሰብ» የሚባለው።

«ታዲያ እናትን ለማስታመም ክፍያ ሊጠየቅ ነው? ፍቅር በገንዘብ ይተመናል?» የሚለኝ አይጠፋም። አክስቴም ራሷ እንዲህ ልትል ትችላለች። ግን የአክስቴን ፍቅር ማን ጠየቀ? የጠየቅሁት እንቅልፏን ነው። ጀርመን ከ1995 ጀምሮ ባላት የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ቤተሰብ ሲያስታምም ለታማሚው በወር ገንዘብ ይሰጣል፤ አስታማሚው የጡረታ መዋጮ ይከፈልለታል፤ ሲደክመው ወይም ሲታመም ተተኪ ለመቅጠር የሚውል ገንዘብ አለ። ፍቅር ቀንሶ አይመስለኝም። ይህን ያህል አቅም የሌለው አገር ደግሞ ከአንሶላዋ ይጀምር። ሃያ ደቂቃ የምታስተምር አንዲት ባለሙያ፣ በስምንተኛው ወር ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት። ቀጥሎ የምትተካ ሰው፣ በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ።

ለዚህ ነው አዲስ ፕሮጀክት ሲቀርብ መጀመሪያ ስንት «ተጋላጭ ወገኖችን» ይደርሳል ብዬ የማልጠይቀው። (ቃሉም ራሱ አይጥመኝም፤ አያቴ ተጋላጭ ሲሏት ብትሰማ ትሳደብ ነበር።) የምጠይቀው ቅዳሜ ሌሊት ተረኛው ማን ነው የሚለውን ነው። በጎ ፈቃደኛዋ ልጇ ቢታመምባት ማን ይተካታል? የትራንስፖርቷን ማን ይከፍላል? ሰው እጇ ላይ ቢሞትባት ማን ያናግራታል? መልሱ «ማህበረሰቡ» ከሆነ፣ ፕሮጀክቱ ገና አልታሰበም።

አያቴ ያረፈችው አንድ ሐሙስ ንጋት ላይ ነው። አክስቴ በዚያው ሳምንት የደወል ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ግን ለወራት ያህል ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብድግ፣ ስምንት ላይ ብድግ ትል ነበር። ተነስታ ባዶውን አልጋ አይታ ትመለሳለች። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስለ ወገቧ ስትናገር የቤተሰብ ካርዱን አገላብጠው «ታማሚዋ እኮ አርፈዋል» አሏት።