ቴሌግራሙ ይኑር፣ ፊዱን ግን አትዝጉብን

በቅርቡ አዘውትሬ የማነበው አንድ የአማርኛ ድረ ገጽ አዲስ መልክ ይዞ መጣ። ፎቶው ትልቅ፣ ፊደሉ ያማረ፣ የቴሌግራምና የፌስቡክ ምልክቱ ከላይም ከታችም የተደረደረ። እኔ ጋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጽሑፍ አልደረሰም። ፊዱ ተዘግቷል። ለአዘጋጁ ኢሜይል ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር፦ «እሱን ደግሞ አሁን ማን ይጠቀመዋል? ቴሌግራም አለን እኮ!»

እኔ እጠቀመዋለሁ። ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ፊድ፣ በሙሉ ስሙ አርኤስኤስ ፊድ፣ ድረ ገጹ ከጀርባው የሚያስቀምጣት አንዲት ፋይል ናት። ርዕስ፣ ሊንክ፣ የወጣበት ሰዓት፣ ሲያድለን ደግሞ ሙሉ ጽሑፉ እሷ ላይ ይሰፍራል። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ትታደሳለች። ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት ፊድ ማንበቢያ፣ ፊድሊ በሉት ኢኖሪደር፣ በየጊዜው እየሄደ ያያታል። አዲስ ነገር ካለ ይዞላችሁ ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። ድረ ገጹ ስማችሁንም ስልክ ቁጥራችሁንም አይጠይቅም።

የእኔን ጠዋት ልንገራችሁ። ማታ ቤት ዋይፋይ ላይ ሳለሁ አፑ ሁሉንም አውርዶ ያስቀምጥልኛል። ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ዳታዬን ዘግቼ አነባለሁ። ዛሬ 14 ጽሑፍ ነበር። ዘጠኙን በርዕሱ አለፍኩ፣ አምስቱን አነበብኩ፣ አፑ ላይ ያልተነበበው ቁጥር ዜሮ ሆነ። ፌስቡክ ላይ ይህ የለም። እዚያ ማለቂያ የሚባል ነገር የለም፤ ደግሞም የሚቀድመው ብዙ ሰው የተሰዳደበበት ነው። ፊድ ላይ የሚቀድመው መጨረሻ የወጣው ነው።

«ፊድ እኮ ሞቷል» የሚሉኝ አሉ። የሞተው የጎግል ሪደር ነው። ጎግል ይህን ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፍቶ በሐምሌ 2013 ዘጋው፤ ብዙ ሰው ያኔ ተበተነ። ፊዱ ግን የጎግል አልነበረም። ኔትስኬፕ የሚባለው የያኔው የብሮውዘር ኩባንያ በ1999 ካወጣው በኋላ ብዙ እጅ አልፎበታል። ከአንዱ ዝርያ ጀርባ አሮን ስዋርትዝ የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ሳይቀር ነበረበት። የማንም ስላልሆነ አንድ ኩባንያ ተነስቶ ሊገድለው አይችልም። በየቀኑ የምትሰሙት ፖድካስትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ስልካችሁ ድረስ የሚመጣው በዚሁ በአርኤስኤስ ነው።

ቴሌግራምን አልጠላም። እኔም ቻናሎች እከታተላለሁ። ግን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 2015ን እናስታውስ። ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አገር ውስጥ ለአምስት ወር ያህል ታግደው ቆዩ። ቪፒኤን የሌለው ሰው ቻናሉን ማየት አልቻለም። የእኔ አፕ ግን በቀጥታ ወደ ድረ ገጾቹ ስለሚሄድ ጽሑፉን እንደ ወትሮው ያመጣ ነበር። (ኢንተርኔቱ ከነአካቴው ሲጠፋስ? ያኔ ፊድም ወሬ የለውም።) ሌላም አለ። በሚዲያዎች ስም የሚከፈቱት አስመሳይ ገጾች ስንቱን ሰው አሳስተዋል! ፊድ ግን ከራሱ ከድረ ገጹ አድራሻ ነው የሚመጣው።

ማካፈሉም ቢሆን ቀላል ነው። የምከታተላቸውን 23 ድረ ገጾች አፑ በአንዲት ፋይል አወጣልኝና ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ላክሁላት። እሷ የራሷ አፕ ላይ ከፈተቻት፣ 23ቱም ተደርድረው መጡ። ስፖርቶቹን ወዲያው አጠፋቻቸው አሉ።

ድረ ገጽ ያላችሁ ሰዎች፣ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት በዎርድፕረስ ነው። ዎርድፕረስ ደግሞ ፊዱን ሳትጠይቁት ሠርቶ ይሰጣችኋል። አድራሻችሁ መጨረሻ ላይ እዝባር አድርጋችሁ «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉና እዩት። ካልተዘጋ እዚያው አለ። ሊንኩን ከቴሌግራሙ ምልክት ጎን ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሙሉ ጽሑፍ ወይስ ቅንጫቢ የሚለውንም የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ማስታወቂያው የሚታየው ድረ ገጹ ላይ ስለሆነ ቅንጫቢ መምረጣችሁ ይገባኛል። ታክሲ ውስጥ ዳታውን ዘግቶ ለሚያነብ ሰው ግን ሁለት መስመር ምን ይረባዋል?

ይህንኑ ሁሉ ለዚያ አዘጋጅ ደግሜ ጻፍኩለት። መልስ አልሰጠኝም። ከሦስት ቀን በኋላ ግን ታክሲ ውስጥ አፑን ስከፍት ከድረ ገጹ ስም ጎን 10 የሚል ቁጥር አየሁ። ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን ነካሁት፤ ሁለት መስመር ተኩል ብቻ። ሦስተኛውን ኢሜይል መገናኛ ሳልደርስ ጀመርኩት።