ለአዌቱ ዘፋኝ ያስፈልጋል?

ፈርገል ሻርኪ የሰሜን አየርላንድ ሰው ነው። ዴሪ ከተማ ተወለደ፣ «አንደርቶንስ» በሚባል ባንድ ዘፈነ፣ ዛሬ ደግሞ ለእንግሊዝ ወንዞች ተሟጋች ሆኗል። የእሱን ታሪክ ይዘን የአዌቱ ወንዝ በሚያልፍባት ጅማ ውስጥ ሁለት ሰዎችን አንድ ጥያቄ ጠየቅን፦ ወንዝ ለማዳን የታዋቂ ሰው ድምፅ ያስፈልጋል? «አዎ» የሚሉት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። «የለም» የምትለው ሠርግ ቤትና መድረክ ላይ የምትሠራ ድምፃዊት ናት።

መምህሩ፦

ከዘፈኑ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1978 «ቲኔጅ ኪክስ» ወጣ። ጆን ፒል የሚባለው የቢቢሲ ሬዲዮ አቅራቢ ዘፈኑን አጫወተው፤ እንዳለቀ እንደገና ደገመው። በ1985 ደግሞ ሻርኪ ለብቻው ባወጣው ዘፈን በብሪታኒያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ያ ትውልድ ድምፁን በደንብ ያውቀዋል።

ወደ ውሃው ልምጣ። እንግሊዝ የውሃና ፍሳሽ ድርጅቶቿን በ1989 ወደ ግል አዛወረች። በብዙ ከተሞቿ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ከባድ ዝናብ ሲጥል ቱቦው ሞልቶ ወደ ሰው ቤት እንዳይመለስ ወደ ወንዝ ይለቀቃል። ለክፉ ቀን የተተወ መውጫ ነበር። ቀስ በቀስ የዘወትር ሆነ። በ2023 ብቻ እንዲህ የተለቀቀበት ጊዜ ሲደመር ከ3.6 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ነው። ሰው ቁጥር ይሰማል፣ ይረሳል። ሻርኪ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ሲቆጣ ግን ሁሉም ጆሮውን ሰጠ።

እኛስ? ተማሪዎቼን ይዤ አዌቱ እወርድ ነበር። ድንጋይ እንገለብጣለን፣ ከሥሩ ያለውን ነጭ ሳፋ ውስጥ እናጥባለን። ከከተማው በላይ ጭራቸው ሦስት ክር የመሰለ እጮች ይወጣሉ። እነዚህ ብዙ ኦክስጅን ካላገኙ አይኖሩም። ከተማውን አልፈን ስንወርድ ሳፋው ላይ የሚቀረው ቀጭን ቀይ ትል ነው። ቀይ የሆነው ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ የሚቋቋመውም በዚያ ነው። ሁሉንም መዘገብን። ደብተሩ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። ከተማሪዎቼ ሌላ ማን አነበበው? እዚህ ላይ ነው የሻርኪ ዓይነት ሰው የጎደለን።

ድምፃዊቷ፦

ጋሼ፣ የሰውዬውን ሕይወት መሃሉን ዘለሉት። ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

ሻርኪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ መዝፈኑን አቆመ። ሙዚቃ ቤት ገብቶ የቢሮ ሥራ ሠራ። ከዚያ የሬዲዮ ፈቃድ በሚሰጠው የመንግሥት አካል ውስጥ አባል ሆነ። በ2004 የመድረክ ሙዚቃን ጉዳይ የሚያጠና ቡድን እንዲመራ መንግሥት ሾመው። ከ2008 እስከ 2011 የሙዚቃ ኢንዱስትሪውን የሚወክለውን ዩኬ ሚውዚክን መራ። ሕግ እንዴት እንደሚረቀቅ፣ ባለሥልጣን በየትኛው ጥያቄ እንደሚጨነቅ የተማረው እዚያ ነው። የድሮ ባንዱ በ1999 ሲመለስ እሱ አልተመለሰም፤ በሌላ ድምፃዊ ነው የቀጠሉት።

ደግሞ አሳ አጥማጅ ነው። ሊ በሚባለው ወንዝ ላይ የሚያጠምድ፣ በ1831 የተመሠረተ ክለብ ሊቀመንበር ሆኖ ነው ወደ ሙግቱ የገባው። ውሃው ሲሳሳ በዓይኑ አየ። ወንዙን ያውቀዋል። ዝናው ቢቀር እንኳን ይህ ሰው ይቀራል። እውቀቱ ቢቀር ግን ምን ይተርፋል?

ምን እንደሚተርፍ እኔ አውቃለሁ። በችግኝ ተከላ ቀን ተጠርቼ ዘፍኛለሁ። ሞንታርቦው ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። ባለሥልጣን ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ እኛም እንዘፍናለን። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በዚያው በኩል ሳልፍ ችግኞቹ ደርቀዋል። አንዱን ነቅዬ አየሁት፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ከነላስቲኩ ነው የቀበሩት። ሥሩ የት ይሂድ? በጣም አዘንኩ። የዚያን ቀን የሚያስፈልገው ድምፃዊት አልነበረም። ላስቲክ ቅደዱ የሚል አንድ ባለሙያ ነበር።

መምህሩ፦

ልጄ፣ ያልሽው ችግኝ ያሳዝናል። ግን ያ የአዘጋጆቹ ጥፋት ነው፤ የዘፋኝ አይደለም። ሻርኪንም ለመድረክ ማድመቂያ የጠራው የለም። በ2024 ምርጫ ሌበር ፓርቲን ደገፈ፤ ሥልጣን ከያዙ በኋላ ደግሞ እነሱኑ መውቀስ ጀመረ። ዝና ያለው ሰው እንዲህ ማድረግ ይችላል። ተራ መምህር ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ውጤትም አለ። ቴምዝ ዋተር የሚባለው የለንደን የውሃና ፍሳሽ ድርጅት በ2025 የ122.7 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። ሕዝብ ካልተቆጣ ተቆጣጣሪ እንዲህ አይጠነክርም።

ድምፃዊቷ፦

ከዚያ በፊት በ2021 ሳውዘርን ዋተር የተባለው ሌላ የውሃ ድርጅት 90 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጥቷል። ፍርድ ቤት ፊት 6,971 ሕገወጥ ልቀቶችን አመነ። እነዚያን የቆጠሩት መርማሪዎች ናቸው፤ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ዳኛ ፊት የሚቆመው እንደ እርስዎ ደብተር ያለ ነገር ነው፣ ጋሼ። የራስዎን ሥራ ለምን ያሳንሳሉ?

ሕጉም አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ጉዳዩ በግል ይመለከተኛል ብሎ ማስረዳት የለበትም። በ30 ቀን ውሳኔ ካላገኘ ወይም ባገኘው ካልረካ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ታዋቂ ይሁን የሚል መስመር የለበትም።

ታዋቂ ሰው እስኪመጣ ብንጠብቅ ደግሞ ሁላችንም ነፃ ወጣን ማለት ነው። ገራባውን በፌስታል ቋጥሮ ከድልድይ ላይ የሚጥለው፣ የሆቴሉን ቱቦ ወደ ወንዝ ያዞረው፣ መኪናውን ዳር አቁሞ የሚያጥበው፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ዘፈን ይሰማል።

መምህሩ፦

አዋጁ ሲወጣ አንቺ ሕፃን ነበርሽ። እስካሁን ስንት የጅማ ሰው ይዞት ሄደ? ሕግ መኖሩን የሚናገር ካልተገኘ ወረቀት ነው።

የቡናውን ነገር እይው። በለቀማው ወራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ በየገጠሩ እሸት ቡና ይታጠባል። ገለፈቱና ልጋጉ ስኳር አለው። ጅረት ሲገባ ባክቴሪያዎች ይባዙበታል፤ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ከብት አይጠጣውም። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ገለፈቱን ለኮምፖስት መለየት፣ ፍሳሹን ጉድጓድ ውስጥ ማቆየት። እኔ ይህን ለማጠቢያ ባለቤት ስነግረው ይሰማኛል፣ ይሸኘኛል። በቃ። አንቺ በሬዲዮ ብትይው በማግስቱ ሠራተኞቹ ራሳቸው ይጠይቁታል።

ድምፃዊቷ፦

እኔ ያደግኩት በቡና ብር ነው። አባቴ ነጋዴ ነው። ማጠቢያው ቢዘጋ የስንት ቤት ምድጃ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ ነው በዘፈን ልነካው የማልፈልገው። ዘፈን አንዱን ጥፋተኛ አድርጎ ያልፋል። ይህ ነገር ተቀምጦ መነጋገር ይፈልጋል፤ ጉድጓዱን ማን ይቆፍር፣ ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው። አዌቱ የቦዬን ረግረግ አልፎ ግልገል ጊቤ ወንዝ ነው የሚገባው። ግድቡም ጋ ይደርሳል። በአንድ ዝነኛ ሰው የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ደብተሩን ይስጡኝ። ከድሮ ተማሪዎችዎ ጋር ሆኜ አቤቱታውን እጽፋለሁ። ስሜ ከሌሎቹ ስም እኩል ይቀመጥ።

መምህሩ፦

ነገውኑ ውሰጂው። የ30 ቀኑን ቆጠራ ግን እኔ እይዛለሁ። መልስ ካልመጣ ሬዲዮ ጣቢያ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ ያኔ እምቢ ብትይኝ አልቀበልም።