እርማት፦ ኒኮላ ጾሎቭ የፎርሙላ 1 ሹፌር አልነበረም

ወንድሜ፣ «ቡልጋሪያዊው ጾሎቭ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሬድ ቡል ፎርሙላ 1 ነዳ» ያልከው ብዙዎች የሚደግሙት ስህተት ነው። ያኔ የሬድ ቡል የታዳጊዎች ፕሮግራም አባል ነበር፤ በአብዛኛው ይወዳደር የነበረው ግን ለካምፖስ ቡድን በፎርሙላ 3 ነበር፤ ይህም ከፍተኛው የመኪና እሽቅድምድም ከሆነው ከፎርሙላ 1 ዝቅ ያለ ደረጃ ነው። ግራ የሚያጋባው የፎርሙላ 3 ውድድር ከፎርሙላ 1 ጋር በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዚያው ትራክ ላይ መካሄዱ ይመስለኛል። መኪኖቹ ግን በአቅም አይገናኙም፦ የፎርሙላ 3ቱ ሞተር 380 የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲሆን የፎርሙላ 1ዱ ወደ 1,000 ይጠጋል።

ጾሎቭ ስፔናዊ ነው የሚሉም አሉ፤ እሱ ግን ቡልጋሪያዊ ነው። እንዲህ የሚሉት እ.ኤ.አ. በ2022 የስፔን ፎርሙላ 4 (የጀማሪዎች ደረጃ) ሻምፒዮን ስለሆነ ነው። በዚያ ዓመት 13 ውድድር አሸንፏል! ይህ በራሱ ትልቅ ክብር ነው። እስከ 2025 መጨረሻ በፎርሙላ 1 ግራንድ ፕሪ የተወዳደረ ቡልጋሪያዊ የለም።