የአየርላንድ የነሐስ ደወሎች፦ ጌጡ ለጸሎት ነው ወይስ ለሹማምንት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአየርላንድ ገዳማት ከልሙጥ የብረት ደወሎች ሌላ ባለ አራት ማዕዘን የነሐስ የእጅ ደወሎች ነበሯቸው። ከነሐሶቹ ጥቂቶቹ መስቀልና ሐረግ ተቀርጾባቸዋል። ይህ ጌጥ የጸሎቱ አካል ነው ወይስ የገዳም ሹማምንት የክብር ምልክት?

የጌጡ ጠበቃ፦ ከባንጎር ገዳም ፍርስራሽ የተገኘውን ደወል ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚጠራጠር አይመስለኝም። ፊቱ ላይ በክብ የታቀፈ መስቀል አለ፤ የታች ጠርዙን ማዕዘን እየሠራ የሚታጠፍ ሐረግ ይዞረዋል። የቀረው ልሙጥ ነው። የዚያ ዘመን አንጥረኞችና የብራና ሣዮች እኮ ጥፍር የምታህል ቦታ እንኳ ባዶ መተው የማይወዱ ነበሩ! እዚህ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ። ለታይታ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ገጽ ለምን ይተዉታል? በ1881 በሎክ ሊን ሐይቅ የተገኘውም መስቀልና ሐረግ አለበት። (ቅጂው ከ1931 ጀምሮ የአየርላንድ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ደወል ነው።) ሠሪው መስቀሉን የቀረጸው ደወሉን ለሚያነሣው መነኩሴ ነው።

የብረቱ ጠበቃ፦ ወንድሜ፣ ከባንጎር ወደ አርማ ከተማ እንሂድ። የአርማው የነሐስ ደወል ላይ የተጻፈው «ለአይሊል ልጅ ለኩማስካክ ጸሎት» የሚል ነው። ኩማስካክ በ908 የሞተ የአርማ መጋቢ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ሀብት የሚያስተዳድር ሰው ማለት ነው። የብረት ደወል ለመሥራት ላሜራ አጥፎ በምስማር ማያያዝና የቀለጠ ነሐስ መለበጥ ይበቃ ነበር። ደወሉን በሙሉ ከነሐስ ለማፍሰስ ግን ብዙ መዳብ፣ ቆርቆሮና የተካነ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን የሚችለው ባለጸጋ ገዳም ነው። ስሙን ያስጻፈውም ሹሙ ነው።

የጌጡ ጠበቃ፦ ያስጻፈው ምን ብሎ ነው ታዲያ? «እኔ አሠራሁት» አላለም። ጸልዩልኝ ነው ያለው። የእኛ ጸሐፍት በብራናው መጨረሻ ስማቸውን አስቀምጠው ጸልዩልኝ ሲሉ ትዕቢት እንለዋለን?

የብረቱ ጠበቃ፦ አንለውም፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን ከሁሉም በላይ የተከበረው የቱ ደወል ነው? የአየርላንዱ ሐዋርያ የቅዱስ ፓትሪክ የሚባለው፣ ምንም ጌጥ የሌለው ብረቱ! በ1100 ገደማ ንጉሥ ዶምናል ኡአ ሎክላን የወርቅና የብር ጌጥ ያለው ማኅደር አሠራለት። ንጉሡ፣ የአርማው ጳጳስ፣ የደወሉ ጠባቂ፣ አንጥረኛው ኩ ዱሊግ ከነልጆቹ ማኅደሩ ላይ ስማቸው አለ። ደወሉን ግን አላስጌጡትም። ዛሬም ያው የታጠፈ ላሜራ ነው። ቅድስናው በጌጥ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚቀረጸው እሱ ነበር።

የጌጡ ጠበቃ፦ እህቴ፣ ስማቸው ማኅደሩ ላይ የት እንደተጻፈ ግን አልነገሩንም። በጀርባው ጠርዝ ዙሪያ ነው። በወርቅ ክርና በፈርጥ የደመቀው የፊት ገጽ ላይ የንጉሡም የጳጳሱም ስም የለም። ስማቸው የሚዞረው በጀርባ በኩል በብር ላይ የተፈለፈሉትን መስቀሎች ነው።