ሥዕል ለወንጌል ትምህርት እንግዳ አይደለም

ወንድሜ፣ «ወንጌልን በሥዕል ማስተማር ከፕሮጀክተር ጋር የመጣ ልማድ ነው፤ አባቶች በቃል ብቻ ይሰብኩ ነበር» ያሉት በብዙዎች ዘንድ የሚደጋገም ስሕተት ስለሆነ በአክብሮት ላርመው። ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው፣ የመቅደሱ ግድግዳ የጌታን ስቅለት ጨምሮ በጨርቅ ላይ ተሥለው በተለጠፉ ታሪኮች ተሸፍኖ ያያል፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም በሥዕል የተሞላች ናት። በዚህ የአሣሣል ሥርዓት ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ግን በጎን ታይተው በአንድ ዓይን ስለሚሣሉ፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ሰቃዮቹን ለይቶ ያውቃል። ጌታችንም ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ገንዘቡን አስመጥቶ፣ በላዩ ያለውን የቄሣርን መልክ እያሳየ ነው ያስተማረው (ማቴ. 22፥19-21)። ይልቅስ ጥንቃቄ የሚያሻው ሥዕሉን ከምንባቡ ጋር በማስተያየት ላይ ነው፤ ሰብአ ሰገል ዘወትር ሦስት ሆነው ቢሣሉም ማቴዎስ ቁጥራቸውን አልጻፈም።