የድሮ ካሴቶችን ድምፅ አታጽዱብን

የድሮ ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ «ድምፁ ጸድቶ» ሲለቀቁ በመጀመሪያ ደስ ይለኛል። ካሴቱ ካርቶን ውስጥ ተረስቶ ከሚቀር ሰው ቢሰማው ይሻላል። ብዙዎቹን ስከፍት ግን እናደዳለሁ። የካሴቱ «ሽሽሽ» ጠፍቷል፤ ማሲንቆውም አብሮ ጠፍቷል።

«ሽሽሽ»ን የሚያጠፋው ሶፍትዌር ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ባዶ ቦታ ያዳምጣል። ከዚያ እሱን የሚመስለውን ሁሉ ከዘፈኑ ላይ ይቀንሳል። የእኛ መሣሪያዎች ደግሞ በጣም ይመስሉታል። ማሲንቆ ሲመታ የፈረስ ጭራ ከፈረስ ጭራ ጋር ይፋተጋል፤ ያ ሻካራነት ነው ማሲንቆ የሚያሰኘው። ዋሽንት ላይም ከዜማው ጋር የነፊው ትንፋሽ ይሰማል። ሶፍትዌሩ ይህን ከካሴት ጩኸት አይለይም፤ ጠርጎት ይሄዳል።

ዘፋኙም አይተርፍም። የ«ሰ» ፉጨት ጉልበቱ በአብዛኛው ከ4,000 ሄርዝ በላይ ነው፤ በጣም ቀጭን ድምፅ ማለት ነው። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ደግሞ ለቅጽበት ፈንድተው የሚጠፉ ድምፆች ናቸው። እነዚህ ሲሸረፉ ግጥሙ ይድበሰበሳል። ሰምና ወርቅ ላለው ዘፈን ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ቃሉ በቅጡ ካልተሰማ ወርቁ ከየት ይመጣል?

ፊልተር ሁሉ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ሲጫወት ፊልተር ወደ ቦታው ይመልሰዋል። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ያለዚያ ፊልተር ባስ አይኖራቸውም ነበር። ያኛው ፊልተር ግን ምን እንደተቀነሰ በትክክል ያውቃል። ይኼኛው «ሽሽሽ» አጥፊ ግን ይገምታል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካሴቱ ሳይሆን የማጫወቻው ነው። ሄዱ፣ ማለትም ቴፑን ነክቶ ድምፁን የሚያነበው ክፍል፣ ትንሽ ካዘነበለ ቀጫጭን ድምፆች ይሞታሉ። መጀመሪያ ሄዱን በአልኮል ጥረጉት። ከዚያ ጎኑ ላይ ያለችውን ብሎን ዘፈኑ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ አዙሯት። ታፍኖ የነበረው ጸናጽል ድንገት ጥርት ብሎ ሲወጣ ትሰማላችሁ። ዶልቢውንም (ማጫወቻው ላይ ያለውን «ሽሽሽ» መቀነሻ) አስተውሉ፤ ያለ ዶልቢ የተቀዳ ካሴት ዶልቢ በርቶ ከተጫወተ መታፈኑ አይቀርም። ይህን ሁሉ ሳይሞክሩ ወደ ሶፍትዌር መሮጥ ምን ይሉታል?

የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎች ካሴትን በከፍተኛ የዲጂታል ጥራት (በ96 ኪሎሄርዝና በ24 ቢት)፣ ምንም ሳይነኩ እንድንገለብጥ ይመክራሉ። እባካችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ማጽዳት ካማራችሁ ሌላ ኮፒ ላይ አጽዱ፤ ያልተነካውን አትሰርዙ። ስትለቁትም ምን እንዳደረጋችሁበት ከቪዲዮው ሥር ጻፉልን፤ ያልጸዳውንም አብራችሁ ልቀቁት።