የአሺያናው አብራሪ ጀማሪ አልነበረም
ወንድሜ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተከሰከሰውን አሺያና 214 (የደቡብ ኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን) «ገና በረራ የሚማር ልጅ ነው የጣለው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ስህተት ነው። ሰውዬው ወደ 10,000 ሰዓት ገደማ በርሯል። አዲስ የሆነበት ቦይንግ 777 ነው። ሥልጠናውም መንገደኛ ተጭኖ፣ አሠልጣኝ ጎን ተቀምጦ የሚሰጥ ነው። (አሠልጣኙም በአሠልጣኝነት የመጀመሪያ በረራው ነበር፤ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።)

«አውቶትሮትሉ (የሞተሩን ጋዝ በራሱ እያስተካከለ ፍጥነት የሚጠብቀው መሣሪያ) ተበላሽቶ ነው» የሚሉም አሉ። አልተበላሸም። አብራሪው የጋዙን እጀታ ወደ ኋላ ሲስበው መሣሪያው ፍጥነት መጠበቁን አቆመ፤ አብራሪው ግን እየጠበቀልኝ ነው ብሎ አመነ። 137 ኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) መሆን የነበረበት ፍጥነት ወደ 103 ወረደ። ጋዝ ሲሰጡት ረፍዶ ነበር። ጭራው ከማኮብኮቢያው ፊት ካለው የባሕር ግንብ ጋር ተላተመ። ከ307 ሰው 3ቱ ሞቱ።